የሳነቴ ፎቶግራፍና የባልንጀራ ምክር

በአገራችን አንድ ሰው የሠራውን ሥራ ለባልንጀራው ባሳየ ጊዜ የሚያገኘው መልስ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ግጥም ጽፎ ቢያነብ «ግሩም ነው» ይባላል፤ ልብስ አሰፍቶ ቢለብስ «ያምርብሃል» ይባላል፤ ፎቶግራፍ አንሥቶ ቢያሳይም «በጣም ቆንጆ ነው» ይባላል። ተመልካቹ ይህን ተናግሮ ወደ ቡናው ይመለሳል፤ ባለሥራውም ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል። በዚህ መካከል ማንም አልተቀየመም፤ ነገር ግን ማንም አልተጠቀመም። ይህ ልማድ ከይሉኝታ የመጣ ነው። ይሉኝታ በቦታው ሲሆን መልካም ጠባይ መሆኑን አልክድም፤ ዳሩ ግን ሥራ እንዲሻሻል በሚፈለግበት ሥፍራ ገብቶ ሲቀመጥ ሥራውንም ሠራተኛውንም ባሉበት ያስቀራቸዋል።

ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ ትንሽ ነገር ነው። ይኸውም የተራራ ፎቶግራፍ ከተነሣ በኋላ እንዴት እንደሚታረምና በዚህ እርማት ላይ የባልንጀራ አስተያየት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ነው። ነገሩ ትንሽ ይምሰል እንጂ በውስጡ ቁም ነገር አለበት። ዛሬ በኪሱ ካሜራ ያልያዘ ተማሪ ወይም ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ጥቂት ነው። በስልኩ ያነሣውን ፎቶግራፍ በዚያው ስልክ አብርቶ፣ አጨልሞ፣ ቆርጦና ደምስሶ ለሌላ የሚያስተላልፈው እርሱ ራሱ ነው። ቀድሞ የፎቶግራፍ ቤት ባለሙያ በጨለማ ክፍል ውስጥ ግማሽ ቀን ይፈጅበት የነበረው ሥራ ዛሬ በአንድ ጣት፣ በአንድ አፍታ ይፈጸማል። ሥልጣኑ ለሁሉም ከተሰጠ ኃላፊነቱም የሁሉም መሆኑ አይቀርም።

ምሳሌውን ከራሴ ስሕተት እጀምራለሁ።

ባለፈው ታኅሣሥ ወር በሮቤ ከተማ ሳለሁ አንድ መሥሪያ ቤት ለግድግዳ ቀን መቁጠሪያ የሚሆን የባሌ ተራራ ፎቶግራፍ እንደሚፈልግ ሰማሁ። ፎቶግራፍ ማንሣት መተዳደሪያዬ ባይሆንም ከልቤ የምወደው ነገር ስለሆነ፣ ይህን ዕድል ማሳለፍ አልፈለግሁም። አንድ ቀን ማልጄ ተነሥቼ በጭነት መኪና ላይ ተሳፈርሁ። ከሮቤ እስከ ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚህ ወቅት በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ስንዴ ለአጨዳ ደርሶ ቢጫ ምንጣፍ መስሎ ይታያል። ከጎባ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ይወጣል። መጀመሪያ ጥዱና ኮሶው ያልፋል፤ ቀጥሎ አስታው ይመጣል፤ አስታውም እያጠረ፣ እየተመናመነ ሄዶ ከሳነቴ ሜዳ ላይ ሲደረስ ዛፍ የሚባል ነገር አይታይም። እዚያ ከፍታው 4,000 ሜትር ያህል ነው። በዚያ ብርድ ቀጥ ብሎ የቆመው ጅብራ ብቻ ነው፤ እርሱም ከሩቅ ሲያዩት ካባ የደረበ ዘበኛ ይመስላል።

ፀሐይ ገና እየወጣች ሳለ መኪናውን አስቁሜ ወረድሁ። ሌሊቱን የጣለው አመዳይ በሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ከፊቴ ትንሽ የውሃ ኩሬ፣ ከኩሬው ወዲያ ጅብራዎች፣ ከጅብራዎቹ ወዲያ ደግሞ በባሌ ከተራሮች ሁሉ የሚበልጠው ባለ 4,377 ሜትሩ ቱሉ ዲምቱ ይታያል። በግራ በኩል፣ ከድንጋዮቹ ሥር፣ የአንድ ከብት አርቢ ትንሽ ጎጆ አለች፤ ከጣራዋም ቀጭን ጭስ ይወጣል። በቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ የመገናኛ ማማ ቆሟል። እጄ በብርድ እየደነዘዘ ጥቂት ፎቶግራፎች አነሣሁና ተመለስሁ።

ማታ በመኝታ ክፍሌ ኮምፒውተሬን ከፍቼ እርማቱን ጀመርሁ። ፎቶግራፉ ካየሁት ጋር ሳስተያየው የደበዘዘ መሰለኝ። ስለዚህ ሰማዩን አጨለምሁት። ቀለሙን አደመቅሁት። በተራራውና በእኔ መካከል የነበረውን ጭጋግ አጠፋሁት። የድንጋዮቹ ጠርዝ ሁሉ እንደ ቢላዋ ስለት እስኪታይ ድረስ አሾልሁት። በመጨረሻም «የተፈጥሮን ውበት ያበላሻሉ» ያልኋቸውን ሁለት ነገሮች፣ ማማውንና ጎጆዋን፣ ደመሰስኋቸው። እኩለ ሌሊት ሲሆን በሥራዬ ረክቼ ተኛሁ። በዚያው ሰዓት ለመሥሪያ ቤቱ ልኬው ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር።

ያዳነኝ በማግስቱ ከአራት ሰዎች ጋር ሻይ መጠጣቴ ነው። አንዱ ከጎባ ወደ ደሎ መና በሚወስደው መንገድ ለብዙ ዓመት የተመላለሱ ሹፌር ናቸው። ሁለተኛው የጂኦግራፊ መምህር ነው። ሦስተኛው በሮቤ ፎቶግራፍ ቤት ያለው ሰው ነው። አራተኛዋ የመምህሩ የእኅት ልጅ ስትሆን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ፎቶግራፉን ባሳየኋቸው ጊዜ መጀመሪያ ያገኘሁት መልስ ያው የታወቀው ነበር፤ «በጣም ቆንጆ ነው» አሉኝ። እኔም በዚያው ልበቃ ስል፣ መምህሩ «እስቲ ያልታረመውንም አሳየን» አለኝ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ አሳየኋቸው። ከዚያ በኋላ ጨዋታው ተለወጠ።

በመጀመሪያ የተናገሩት ሹፌሩ ናቸው። «ልጄ፣ እኔ ሳነቴ ላይ እንዲህ ያለ ሰማይ ሳይ መኪናዬን ዳር አስይዛለሁ፤ ይህ ዶፍ ሊወርድ ሲል የሚታይ ሰማይ ነው። መሬቱ ላይ ግን የጠዋት ፀሐይ አለ፤ አመዳዩም ገና አልቀለጠም። ወይ ሰማዩ ዋሽቷል፣ ወይ መሬቱ ዋሽቷል» አሉኝ። ደግሜ ስመለከተው እውነታቸውን ነው። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሰማዩ በራሱ ከቆላው ይልቅ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ነው። እኔ ግን ይህን ባለማስተዋል በጨለማ ላይ ጨለማ ጨምሬበት ነበር። ከላይ የክረምት ሰማይ፣ ከታች የበጋ ጠዋት አድርጌ ሁለት ወቅት በአንድ ፎቶግራፍ ሰፍቻለሁ።

መምህሩ ደግሞ ስለ ጭጋጉ ተናገረ። ሩቅ ያለ ተራራ ደብዘዝና ሰማያዊ ሆኖ የሚታየው በመካከል ያለው አየር ብርሃንን ስለሚበትን ነው። ሠዓሊዎች ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል፤ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺም ስለዚሁ ነገር ጽፏል። ዓይናችን ርቀትን የሚለካው በዚህ ድብዛዜ ነው። «ጭጋጉን ስታጠፋው ተራራውን ወደ ኩሬው ጎትተህ አመጣኸው» አለኝ። ቀጥሎም እየሳቀ፣ «ቀለሙንም አብዝተኸዋል። ቱሉ ዲምቱ ማለት በኦሮምኛ ቀይ ተራራ ማለት ነው እንጂ የበርበሬ ክምር ማለት አይደለም» አለ። ሁላችንም ሳቅን፤ እኔ ግን በሳቁ ውስጥ ትምህርቱን ያዝሁ።

የፎቶግራፍ ቤቱ ባለቤት እንደ ሙያው በዝርዝር ተመለከተው። በተራራው ጠርዝ ዙሪያ ነጭ ክር መሰል መስመር አገኘ። ይህ ክር ሰማዩን አጨልሜ ተራራውን ሳበራ፣ ጠርዙንም አብዝቼ ሳሾል የተፈጠረ ነው። ከዚህም በላይ ኩሬው ወደ ቀኝ ማዘንበሉን አሳየኝ፤ ውሃ ደግሞ በተፈጥሮው አያዘነብልም። በመጨረሻም አንድ ጥሩ ምክር ሰጠኝ። «ሌሊት በጨለማ ክፍል ውስጥ የኮምፒውተሩን መስኮት አብርተህ ስትሠራ ሁሉ ነገር ብሩህ ይመስልሃል። ወረቀት ግን የራሱ ብርሃን የለውም። ለቀን መቁጠሪያ ሲታተም ይህ የጅብራው ጥላ ሁሉ ጥቁር ሆኖ ይደፈንብሃል። በመጀመሪያ ትንሽ ወረቀት ላይ አትመህ በቀን ብርሃን እየው» አለኝ።

ልጅቱ እስከዚህ ድረስ ዝም ብላ ነበር። ጣቷን በግራ በኩል ባለው ሰማይ ላይ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ይህ ጭስ ከየት የመጣ ነው?» ስትል ጠየቀችኝ።

ሁላችንም ጎንበስ ብለን አየን። እውነትም ቀጭን ጭስ ከድንጋዮቹ በላይ ይወጣል። ጎጆዋን ደምስሻለሁ፤ ጭሷን ግን አላየሁትም ነበር። ቤት የሌለው ጭስ በባዶ ሜዳ ላይ ቆሞ ቀረ።

«ጎጆ ነበረች፤ አጠፋኋት» አልሁ።

«ሰዎቹስ?» አለችኝ።

ይህን የጠየቀችው እኔን ለማሳፈር አልነበረም። እርሷ ያደገችው በዚያው በደጋው ነው፤ የእናቷ ዘመዶች ዛሬም ከብት ይዘው ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ስለዚህ እኔ እንደ እድፍ የቆጠርሁት ነገር ለእርሷ ቤት ነው። ከአራቱ አስተያየቶች ሁሉ እስከ ዛሬ ያልለቀቀኝ ይህ የመጨረሻው ነው።

እዚህ ላይ የፎቶግራፍ ቤቱ ባለቤት እኔን ደግፎ ተከራከረ። «ደንበኞቼ ሁሉ ከፊታቸው ላይ ብጉር አጥፋልን ይላሉ፤ አጠፋለሁ። ማንም ዋሸህ አይለኝም። የቀን መቁጠሪያ ሥዕል ደግሞ ለጌጥ ነው» አለ። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም፤ እንዲያውም በዓለም የታወቁ ባለሙያዎች ከእርሱ ጋር ይቆማሉ። አንሰል አዳምስ የተባለው አሜሪካዊ የተራራ ፎቶግራፍ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1944 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ከሎን ፓይን ከተማ ሆኖ የሴራ ኔቫዳን ተራሮች በክረምት የፀሐይ መውጫ አንሥቶ ነበር። የከተማይቱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በኮረብታው ድንጋይ ላይ የከተማቸውን ስም ሁለት የመጀመሪያ ፊደላት በኖራ በትልቁ ጽፈው ስለ ነበር፣ አዳምስ እነዚያን ፊደላት ከሥራው ላይ አጥፍቷቸዋል። በዚህም የነቀፉት ሰዎች ነበሩ። እርሱ ግን ያደረገውን አልደበቀም፤ ምክንያቱንም ራሱ ጽፎ አስረድቷል።

ይኸው ሰው በወጣትነቱ ፒያኖ ተምሮ ስለ ነበር፣ ኔጋቲቩን በኖታ ከተጻፈ ዜማ፣ የታተመውን ፎቶግራፍ ደግሞ ዜማውን ከመጫወት ጋር ያመሳስለው ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1941 ዓ.ም. በኒው ሜክሲኮ ያነሣውን የጨረቃ መውጫ ፎቶግራፍ በኖረበት ዘመን ሁሉ ደጋግሞ አትሞታል፤ በኋላ ያተማቸው ሰማያቸው ከመጀመሪያዎቹ ይልቅ ጥቁር ነው። እንግዲህ ማጨለምና ማብራት ኃጢአት አይደለም። ካሜራው ሁሉን እንደ ዓይን አያይምና፣ ዓይን ወዳየው ለመመለስ እርማት የግድ ያስፈልጋል።

ዳሩ ግን ብርሃንን ማረምና ነገርን ማጥፋት አንድ አይደሉም። ናሽናል ጂኦግራፊክ የተባለው መጽሔት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1982 ዓ.ም. በየካቲት ወር ሽፋኑ ላይ የጊዛን ፒራሚዶች ሲያወጣ፣ ፎቶግራፉ ከሽፋኑ ቅርጽ ጋር እንዲስማማ ሁለቱን ፒራሚዶች አቀራርቦ ነበር። በሺህ ለሚቆጠር ዓመት ከቦታው ያልተነቃነቀ ድንጋይ በአንድ መሣሪያ ተነቃነቀ። ነገሩ በታወቀ ጊዜ መጽሔቱ ብዙ ተወቀሰ፤ ዛሬም ድረስ በጋዜጠኞች ትምህርት ቤት እንደ ምሳሌ ይነሣል። ወርልድ ፕሬስ ፎቶ የተባለው የዜና ፎቶግራፍ ውድድርም በፎቶግራፉ ውስጥ የነበረን ነገር ማጥፋትንም ሆነ ያልነበረን መጨመርን በሕጉ ከልክሏል። ወገናችን ሙሉጌታ አየነ በእኛ አውሮፕላን አደጋ ላይ በሠራው ሥራ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ዓ.ም. በድንገተኛ ዜና ተከታታይ ፎቶግራፍ ዘርፍ የአንደኛነት ሽልማትን ያገኘው በዚሁ ውድድር ነው።

እንደ እኔ አስተያየት መለያው ይህ ነው። ፎቶግራፉ «የእኔ ሕልም» ተብሎ የሚሰቀል ከሆነ ባለቤቱ እንደ ሠዓሊ ነጻ ነው። «የባሌ ተራራ» ተብሎ ከሥሩ ከተጻፈበት ግን ምስክር ሆኗል፤ ምስክር ደግሞ የሚያስጌጠው እውነቱን እንጂ ፊቱን አይደለም። የመሥሪያ ቤት ቀን መቁጠሪያ ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ነው። ያን ሥዕል አይቶ ከሩቅ አገር የሚመጣ እንግዳ ሳነቴ ላይ ሲደርስ ያላየውን ሰማይ ፈልጎ ያጣዋል፤ ያልጠበቃትንም ጎጆ ያገኛታል።

ከዚህም የሚብስ ነገር አለ። ጎጆዋን ያጠፋሁት «ተራራው ንጹሕና ሰው ያልደረሰበት እንዲመስል» ብዬ ነው። የባሌ ተራራ ግን ሰው ያልደረሰበት ሆኖ አያውቅም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 ዓ.ም. የታተመ የአርኪዮሎጂ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ ፊንጫ ሀበራ በተባለው፣ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ ባለው የድንጋይ መጠለያ ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ዘመን ይኖሩ ነበር። በዚያ ዘመን የሳነቴ አናት በበረዶ ግግር የተሸፈነ ነበር። እነዚያ ሰዎች ከግግሩ ጠርዝ ውሃ እየጠጡና ዛሬም በሜዳው ያለውን ትልቁን ፍልፈል እየጠበሱ ኖረዋል። የባሌ ከብት አርቢም እንደ ወቅቱ ከብቱን ወደ ደጋው የሚያወጣበትና ወደ ቆላው የሚያወርድበት ጎዳንቱ የሚባል የቆየ ልማድ አለው። እንግዲህ በዚያ ሜዳ ላይ ጭስ መታየቱ እንግዳ ነገር አይደለም።

በእርግጥ በዚህ ጉዳይ ላይ ከባድ ጥያቄ መኖሩን አውቃለሁ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970 ዓ.ም. የተቋቋመው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። በዓለም ላይ ካሉት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ የሚበልጡት የሚኖሩት በዚሁ ተራራ ነው። የሰፈራና የከብት መብዛት ሣሩን ይጎዳል፤ ከመንጋው ጋር የሚሄዱ ውሾችም የእብድ ውሻ በሽታን ወደ ቀበሮዎቹ ያስተላልፋሉ። ስለዚህ ጎጆዋ በዚያ መኖር አለባት ወይስ የለባትም ተብሎ መከራከር ይቻላል። ነገር ግን «አለባት» የሚለውም ሆነ «የለባትም» የሚለው ሁለቱም ጎጆዋን በፎቶግራፉ ላይ ይፈልጓታል። ካጠፋናት ቤተሰቡንም ችግሩንም አብረን አጥፍተናል፤ በምድር ላይ ግን ሁለቱም እንዳሉ ናቸው።

ከዚያ ቀን በኋላ ፎቶግራፉን ከመጀመሪያው ጀምሬ እንደገና አረምሁት። ኩሬውን አቃናሁ። ሰማዩን በተፈጥሮው ሰማያዊነት ተውሁት፤ ጥቂት ብቻ አረጋጋሁት። ጭጋጉን መለስሁ፤ ተራራውም ወደ ቦታው ተመለሰ። ጥላው እንዳይደፈን በጅብራው ሥር ያለውን ጨለማ ትንሽ አበራሁት። አመዳዩ ወደ ቢጫነት አዘንብሎ ስለ ነበር ነጭነቱን አስተካከልሁ። ቀለሙን ካበዛሁት ግማሹን ቀነስሁ። ጎጆዋና ማማው እንዳሉ ቀሩ። ማማው ዓይን እንዳይወስድ ከፎቶግራፉ ቀኝ ጥቂት ቆርጬ ተራራው ከመካከል እንዲወጣ አደረግሁ፤ ይህም አስታርቆ ማስቀመጥ እንጂ ማጥፋት አይደለም። በትንሽ ወረቀት አትሜ በቀን ብርሃን ስመለከተው ዓይኔ መጀመሪያ በኩሬው፣ ቀጥሎ በጅብራው፣ ከዚያም በጭሱ በኩል ወደ ተራራው ሄደ። ጭሱ ከፍታውንና ብርዱን ሲናገር አየሁት። ጎጆዋ ከጎኑ በሌለችበት ጊዜ የተራራው ትልቅነት በምን ይለካ ነበር?

የተሰጠኝን ምክር ሁሉ ግን አልተቀበልሁም። ሹፌሩ መንገዱ በፎቶግራፉ እንዲገባ ፈልገው ነበር፤ ለእርሳቸው ሳነቴ ማለት መንገዱ ነውና። ልጅቱም ፎቶግራፉ ከዚህ ይልቅ እንዲበራ ትወድ ነበር። እነዚህን በአክብሮት ሰምቼ ተውኋቸው። ምክር መስማትና ለምክር መገዛት ይለያያሉ፤ የሁሉን ቃል የሚፈጽም ሰው በመጨረሻ የራሱ ያልሆነ፣ የማንም ያልሆነ ሥራ ይወጣዋል። መካሪ ስሕተትን ያሳያል፤ መድኃኒቱን መምረጥ የባለሥራው ፋንታ ነው።

ይህ ዓይነት መተራረም ከውጭ አገር የመጣ አዲስ ጥበብ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር ተሳስቷል። በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን ብቻውን ይቆጥራል፤ ከዚያም መጥቶ በመምህሩ ፊት ይነግራል። መምህሩም «ይህ አይሆንም» ሲለው ተመልሶ ያርማል እንጂ አኩርፎ አይሄድም። በኦሮሞም ዘንድ በኦዳ ጥላ ሥር ጉዳይ ሲመከር ሐሳብ ያለው ሁሉ በተራው ይናገራል፤ ሌላውም ያዳምጣል። በዘመናችንም አይዳ ሙሉነህ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. የመሠረተችው አዲስ ፎቶ ፌስት ወጣት ፎቶግራፍ አንሺዎች ሥራቸውን ይዘው ከሙያው ሰዎች ፊት የሚቀርቡበት መድረክ ሆኗል። መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ የሚለው ተረታችን ለንጉሥ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ለፎቶግራፍ አንሺም ይሠራል።

እንግዲህ ይህን ልማድ ለመጀመር ለሚሹ ወጣቶች ከደረሰብኝ የተማርሁትን ጥቂት ነገር ልንገራቸው። በመጀመሪያ፣ ሥራችሁን ስታሳዩ «እንዴት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ይህ ጥያቄ «ቆንጆ ነው» የሚለውን መልስ ብቻ ይወልዳል። በዚህ ፈንታ «መጀመሪያ ምን አያችሁ? ምን አደናገራችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛ፣ ያልታረመውን ከታረመው ጎን አስቀምጡ፤ ያልታረመውን የደበቀ ሰው ምክር ሳይሆን ጭብጨባ ፈልጓል። ሦስተኛ፣ ቢያንስ አንድ ሙያውን የሚያውቅ፣ አንድም ቦታውን የሚያውቅ ሰው ይኑር። ነጩን ክር ያየው ባለሙያው ነው፤ የሰማዩን ውሸት ያገኙት ግን መንገዱን የሚያውቁት ሹፌር ናቸው። አራተኛ፣ ሲነግሯችሁ ዝም ብላችሁ ስሙ፤ ፎቶግራፉ በሄደበት ሁሉ እናንተ አብራችሁት ሄዳችሁ አታብራሩለትም።

አስተያየት ሰጪም የራሱ ግዴታ አለበት። «አልወደድሁትም» ማለት ምክር አይደለም፤ የቱ ቦታ፣ ስለ ምን፣ ምን እንደጎደለው መናገር ነው ምክር። ስለ ሥራው እንጂ ስለ ሠሪው አይናገር። ያማረውንም ለይቶ ይናገር፤ ይህ ለማባበል ሳይሆን በእርማቱ ጊዜ ያማረው አብሮ እንዳይጠፋ ነው።

በመጨረሻ በየመሥሪያ ቤቱ ላላችሁ ወጣቶች የምለው አለኝ። ነገሩ በፎቶግራፍ ብቻ የሚቀር አይደለም። የምንጽፈው ሪፖርትም ፎቶግራፍ ነው። ሰማዩን የምናደምቅበት፣ ጭጋጉን የምናጠፋበት፣ የማይመቸንን ነገር በአንድ ጣት የምንደመስስበት ሪፖርት ስንቱ ነው? ተራራውን ለማሳመር ጎጆዋን ማጥፋት የለመደ እጅ፣ ነገ በመዝገብ ላይ ያለችውንም ጎጆ ሳያቅማማ ያጠፋታል። ከአለቃ ፊት ከመቅረቡ በፊት ሪፖርቱን ለአንድ ባልንጀራ፣ ይልቁንም ስለ ቦታው ለሚያውቅ ሰው ማሳየትና «ምን አደናገረህ?» ብሎ መጠየቅ ከብዙ ኀፍረት ያድናል። እኔን ያዳነኝ አንዲት ተማሪ ሳትፈራ የጠየቀችኝ አንድ አጭር ጥያቄ ነው።

ያን የታረመ ፎቶግራፍ ለመሥሪያ ቤቱ ሰጠሁ። ይምረጡት አይምረጡት የእነርሱ ፈቃድ ነው። ለልጅቱም አንድ ቅጂ አትሜ ሰጠኋት። ትንሽ ጊዜ ተመለከተችው፤ በጣቷም ጎጆዋን ነካ አድርጋ፣ «አሁን ጭሱ ቤት አገኘ» አለችኝ።